ጠበቅ አድርገው!

አንድ ጎልማሳ መኪና ሲሠራ ቢታይ «ጋራዥ ከፈተ» ይባላል፤ ያስከብራል። የመኪናዋ ርዝመት ክንድ ከስንዝር ከሆነ ግን ደባርቅ ውስጥ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ መኪናዋ ጤንነት ሳይሆን ስለ ሠሪው ነው። «እንቅልፍስ ይወስደዋል?» ይላል አንዱ። «ጠበል ቢሞክር ምን ይጎዳዋል?» ትላለች ሌላዋ፣ ድምፅዋን እኔ እንድሰማት በሚበቃ ልክ ዝቅ አድርጋ። የመጨረሻው ደረጃ ሽምግልና ነው። እኔ ቤትም መጥተዋል። በሩን አልፈው ጠረጴዛው ላይ የቆመችውን ባለ ተሳቢ ፊያት ሲያዩ ግን የመጡበትን ጉዳይ ረስተው ጎማዋን ማሽከርከር ጀመሩ። ሲወጡ ብቻ አንደኛው ትዝ ብሏቸው «በል እንግዲህ፣ ነገሩን አስብበት» አሉኝ። የትኛውን ነገር እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህ ሥራ ባሕር ማዶ የከበረ ነው። እንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ለፈርጉሰን ትራክተር ማስተዋወቂያ የምትሆን አንዲት ሚጢጢ የፕላስቲክ ትራክተር ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑንም መርከቡንም በካርቶን እያሸገ ለትልልቅ ሰዎች ሲሸጥ ኖሯል። ጃፓን ሺዙኦካ ከተማ ላይ ደግሞ ታሚያ አለ። እዚያ አገር ጡረታ የወጣ ዳኛ ማታ ማታ የታሚያ መኪና ሲገጣጥም ሚስቱ ሻይ ታቀርብለታለች እንጂ ጠበል አትጠቁመውም ብዬ አስባለሁ። የታሚያ መኪኖች ብዙው አካላቸው የሚያያዘው ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 8 ወይም 10 በሆነ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ራሳቸው መንገድ እያወጡ በሚገቡ ትንንሽ ብሎኖች ነው። ቀዳዳው ተለክቶ፣ ብሎኑ በከረጢት ተከፋፍሎ፣ ሥዕሉ ከነቁጥሩ ታትሞ ይመጣል። የእኛ ፋብሪካ የእህቴ ማድ ቤት ነው።

ደግሞ እንደ እውነቱ ከሆነ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ራሱ የሚጢጢ ነገር አገር ነው። ገና ከከተማው ሳይርቁ ወለቃ ላይ፣ ቤተ እስራኤሎቹ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም፣ ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ አንበሶችና ሰዎች መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪደረስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየመንደሩ ልጆች ከሽቦ፣ ከቆርኪና ካረጀ ነጠላ ጫማ የሠሩትን መኪና እየገፉ ከእውነተኛው መኪና ጋር ይሽቀዳደማሉ። ልጅ ሲሠራው ጨዋታ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ስትሠራው ገበያ ነው። ማንም ያልመደበኝ እኔ ነኝ።

የመረጥነው መኪና ፊያት 682 ኤን 3 ነው። «የመረጥነው» ስል እኔና ሰባተኛ ክፍል የሆነው የእህቴ ልጅ ማለቴ ነው። ኤን ትሬን የማያውቅ የእኔ ዕድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ዓይኖቹ የፈጠጡ፣ ድምፁ ከኮረብታው ማዶ ቀድሞ የሚመጣ፣ ተሳቢውን አስከትሎ ሲሚንቶውንም እህሉንም ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መኪና ነው። ደባርቅ ያደገ ሰው ደግሞ ኤን ትሬን የሚያስበው ከሊማሊሞ ጋር ነው። ሊማሊሞ ማለት ደጋው ደባርቅ አፍንጫ ሥር ድንገት ሲያልቅ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ያወረደው መንገድ ነው። ኩርባው አንዱ ከሌላው ላይ ተደራርቦ፣ ከላይ የቆመ ሰው ከታች የሚወጣውን መኪና አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያየ «ይኸው መጣ» ሲል ግማሽ ቀን ሊውል ይችላል።

ጎረቤቴ ጋሼ — ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ብቻ ነው የሚላቸው — በዚህ መንገድ ላይ ኤን ትሬ ሲነዱ ጠጉራቸው የሸበተ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። መጀመሪያ ቀን ጀሪካን ስንቆርጥ ደርሰው በር ላይ ቆሙና «አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነገሡ፤ ጋፋት ላይ ደግሞ መድፍ አሠሩ። እናንተ ጀሪካን ትቆርጣላችሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ንጉሡ ደረስጌ ላይ ዘውድ የጫኑት በ1847 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሰሜን ምድር ትልቅ ነገር ለመሥራት የሚነሣ ሰው ሁሉ ይህ ይነገረዋል፤ ትንሽ ነገር ለመሥራት የሚነሣም እንደማይቀርለት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጋሼ ይህን ተናግረው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስካሁን አልተነሡም።

ስለ ጀሪካን ትንሽ ልናገር፤ እንዲህ ዓይነት ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። በየፕላስቲክ ዕቃው ግርጌ በሦስት ቀስቶች የተከበበ ቁጥር አለ፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1988 ያመጡት ምልክት ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ 1 ነው። ጀሪካን 2፤ ሳፋና ባልዲ አብዛኛውን ጊዜ 5፤ ያ ጥርት ያለው የሲዲ ማቀፊያ 6። ብዙ ሰው ቁጥሩ የጥራት ደረጃ ይመስለዋል። እህቴ ለምሳሌ 5 ቁጥር ሳፋዋን ከሰው 2 ቁጥር ጀሪካን አስበልጣ ትኮራበታለች። ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዘር ነው። ዘር መቁጠር በሌላው ጉዳይ ሁሉ ቢቀርብን እወዳለሁ፤ በፕላስቲክ ግን ግድ ነው፤ ምክንያቱም 2 እና 5 ማጣበቂያ አይቀበሉም። ሱፐር ግሉ ጣትን ከጣት፣ ጣትን ከጠረጴዛ ሲያጣብቅ የሚያህለው የለም። ጀሪካንን ከጀሪካን አጣብቅ ሲሉት ግን ደርቆ ይላጥና ይወድቃል። የኤን ትሬያችን ጋቢና የዘይት ጀሪካን ነው፤ የጭነት ሳጥኗ ከተሰነጠቀ ሳፋ የተቆረጠ ነው (እህቴ «አልተሰነጠቀም ነበር» ትላለች፤ ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ነው)፤ ሻንሲዋ የሞተ ቴፕ ቅርፊት ነው። ሦስት ዘር ነው። አንድ ላይ ሊይዛቸው የሚችለው ብሎን ብቻ ነው።

ብሎኑም ዳዶ የሚገባለት ዓይነት አይደለም። ጫፉ ሾል ብሎ፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ብሎ፣ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ራሱ ጥርስ እያወጣ የሚገባ ነው። ከኋላ ፒንሳ ይዞ የሚጠብቅለት ሰው አይፈልግም። ሱቅ ሄዶ ለበርና ለቆርቆሮ የሚሆነውን መግዛት ይቻላል፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩን የሚጠይቅ ሰው ግን «ለምንህ ነው?» ይባላል፤ ወደ ጠበሉ ነገር ይመለሳል። ስለዚህ ምንጫችን የሞተ ዕቃ ነው። ሬዲዮ ሲሞት፣ ቻርጀር ሲቃጠል፣ የሶላር መብራት ባትሪው ሲያልቅ፣ ከየሆዳቸው አራት አምስት ብሎን ይወጣል። ፓርኩም ያግዘናል። የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ጭላዳና ዋልያ ሊያይ የመጣው እንግዳ ሁሉ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ነው የሚወጣው፤ መብራቱ ሲሰበር ለአስጎብኚው ወይም ለበቅሎ ነጂው ይተወዋል፤ እነሱ ሞክረው ሲያቅታቸው እኛ ዘንድ ይደርሳል። የእህቴ ልጅ ብሎኖቹን በኒዶ ቆርቆሮ ያጠራቅማል። ሰፈር ውስጥ የሆነ ዕቃ መተንፈስ ሲያቅተው ባለቤቱ ተስፋ ሳይቆርጥ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የተራው ብሎን ጥርስ ሲለካ 60 ዲግሪ ነው፤ ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራው ሾጠጥ ብሎ 30 ገደማ ይሆናል። ወፍራሙ ጥርስ ሲገባ ፕላስቲኩን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ፕላስቲኩ የሚሸሽበት ሲያጣ ይሰነጠቃል። ቀጭኑ በጠባብ በር ይገባና ፕላስቲኩ ጥርሶቹ መካከል እንዲሞላ ያደርጋል፤ በጎን የሚገፋው ጥቂት ነው። ልጁ በዓይኑ ይለያቸዋል። እኔ መነጽር፣ ጋሼ ደግሞ ማስረጃ እንፈልጋለን።

ዋናው ችግር ብሎኑም ፕላስቲኩም አይደለም፤ እጃችን ነው። የዚህ አገር እጅ በብረትና በእንጨት ያደገ ነው። ማረሻ ሲላላ በሽብልቅ ይመታል፤ ጣሪያ ሲነቃነቅ ባሕር ዛፉ ላይ ሚስማር ይጨመራል፤ በቅሎ ላይ ጭነት ሲታሰር በጉልበት ተደግፎ ነው። እንዲህ ላደገ እጅ ነገር ሁሉ ሁለት ጠባይ ብቻ አለው፤ ወይ ላልቷል ወይ ጠብቋል። ስለዚህ የትም ሥራ ላይ ከጎን የቆመ ሰው በነጻ የሚለግሰው ምክር አንድ ነው፤ «ጠበቅ አድርገው!» ቧንቧ ይንጠባጠባል? ጠበቅ አድርገው። ጎሚኒው እስኪጨፈለቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ለዘላለም ይንጠባጠባል። የዘይቱን ክዳን ባልየው ጠበቅ አድርጎት ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሚስት ወጥ ልትሠራ ስትል ሁለት ጎረቤትና አንድ ፎጣ ትጠራለች። ዕድር ስብሰባ ላይ እንኳን ገንዘብ የጎደለ ቀን መፍትሔው «ደንቡን ጠበቅ ማድረግ ነው» ይባላል፤ ገንዘቡ የት እንደሄደ የሚጠይቅ አይገኝም።

ፕላስቲክ የሚኖረው መካከል ላይ ነው። ብሎኑ መጀመሪያ ሲገባ ይከብዳል፤ ጥርስ እያወጣ ነዋ። ራሱ ከላይ ሲያርፍ ደግሞ በድንገት ይጠነክራል። እዚያ ላይ ማቆም ነው። ማቆም ካለብን ቦታ አንሥቶ ጥርሱ ተበልቶ ብሎኑ ባዶውን እስከሚዞርበት ድረስ ያለው ርቀት አንዳንዴ ሩብ ዙር አይሞላም። ሩብ ዙር ለእኛ እጅ ገና ሰላምታ ነው፤ የቤተሰቡን ደኅንነት እንኳን ጠይቀን አልጨረስንም።

ጋቢናዋን ከሻንሲዋ ጋር በምናስርበት ቀን ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና አልቻሉም።

«ወዲህ በለው እስቲ» ብለው ካቻቢቴውን ከልጁ ተቀበሉ። በጣታቸው አይደለም የያዙት፤ በጭብጣቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይበቃዋል፤ ራሱ አርፏል» አለ ልጁ።

«ምኑ ነው የበቃው? ሊማሊሞ ላይ ሲንገጫገጭ ማን ሊይዘው ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ አንቱ ሲያጠብቁት ይሰነጠቃል።»

«ጎማ አስሬ ሃያ ቶን የጫንሁ ሰውዬ ነኝ። አንድ ጋቢና ያቅተኛል?»

ጠጭ አለ። ብሎኑን የሚቀበለው የቴፑ ውስጠኛ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ተከፈለ። ጋሼ ስንጥቁን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት፤ ገለበጡት፤ ደግመው አዩት። ከዚያም ካቻቢቴውን ለልጁ መልሰው «ይህ ዕቃ ቀድሞም ጤና አልነበረውም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው ያህል፣ «ብረት ቢሆን ያውቀኝ ነበር» አሉ።

ምክር ፍለጋ ዳባት ወረድን። ዳባት ላይ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት አለ፤ የጠገነው ዕቃ ተመልሶ አይመጣም ይባላል። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ዳሽቦርዱ በሽቦ ታስሯል፤ የጣሪያ መብራቱ ክዳን በፕላስተር ተለጥፏል፤ የበሩ ሽፋን ገሚሱ ብሎን አለው፣ ገሚሱ የብሎን ትዝታ አለው። ፕላስቲክ በብሎን ተጨምቆ ሲከርም ከግፊቱ ሥር ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ዛሬ የጠበቀው ማንም ሳይነካው ከወራት በኋላ ላልቶ ይገኛል፤ የቀረውን ንዝረት ይጨርሰዋል። ይህን ለሹፌሩ ብነግረው «እኔ እኮ መንገዱ ነው እያልሁ ስሳደብ ነበር» አለ። መንገዱም አለበት፤ ስድቡ ከንቱ አልቀረም።

ጠጋኙ ካቻቢቴውን በሦስት ጣት ይዞ ነው የሚሠራው፤ መዳፉ አይነካውም። እጀታውም እርሳስ ነው የሚያህለው፤ ጋሼን ወንበሩ ላይ ብናስቀምጣቸው እንኳን የሚጨብጡት አያገኙም። ባለ መስቀሉን የብሎን ራስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገበያ ያስገባው ሄንሪ ፊሊፕስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ካዲላክ መኪና ላይ ዋለ። ጉልበት ሲበዛበት ካቻቢቴው ከመስቀሉ ተንሸራቶ ይወጣል። ብረት ሠሪዎች በዚህ ምክንያት ሲረግሙት ይውላሉ፤ ፕላስቲክ ቢናገር ግን የሚመርቀው ይመስለኛል።

«ቀዳዳውን በምን በሳችሁት?» አለን።

«በጋለ ሚስማር፣ ወንድም ጋሼ» አለ ልጁ።

ጠጋኙ መጀመሪያ ምንም አላለም፤ ሥራውን አቁሞ ግን ስንጥቁን አየው። የጋለ ሚስማር ቀዳዳውን እንደ ፈቃዱ ነው የሚያሰፋው፤ የቀለጠውም በአፉ ዙሪያ ጉብ ብሎ ይደርቃል፤ ብሎኑ ያን ጉብታ ገፍቶ ሲገባ ነው ቱቦው የሚጨነቀው። ቀዳዳ የብሎኑን ውፍረት አራት አምስተኛ ያህል ሲሆን ደኅና ነው፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ብሎን 2.4 ወይም 2.5 ማለት ነው። ከዚያ ከጠበበ ይሰነጥቃል፣ ከሰፋ የሚጨብጠው ያጣል። ቱቦው ደግሞ ከነግድግዳው የብሎኑን እጥፍ መወፈር አለበት፤ ብሎኑም የውፍረቱን ሁለት እጥፍ፣ ቢቻል ሁለት ተኩል ያህል ጠልቆ መግባት አለበት። ይህን ሁሉ ሲነግረን በትራፓኖ ሳይሆን ቀጭን ፑንታ በጣቱ ይዞ ነበር የሚበሳው፤ ፍጥነት ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ከዚያ ያ ነገር መጣ። አንድ የፈታውን ሬዲዮ ሊገጥም ብሎኑን አሮጌው ቀዳዳ ላይ አስቀመጠና ወደ ግራ አዞረው።

ልጁ ደነገጠ። «ወንድም ጋሼ፣ እየፈታኸው ነው እኮ!»

«እየፈለግሁ ነው» አለ ጠጋኙ።

ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሲያዞረው ብሎኑ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝቅ ይልና ቅጭ ይላል፤ ለጆሮ ሳይሆን ለጣት ነው የሚሰማው። የድሮው ጥርስ በር እሱ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ሲዞር ያለ ምንም ጉልበት ይሄዳል። ይህ ሳይደረግ ቀጥታ ወደ ቀኝ የተነዳ ብሎን ግን የቀድሞውን መንገድ ትቶ አዲስ ይቀዳል፤ አዲሱና አሮጌው ይቆራረጣሉ፤ ዕቃው ጥቂት ጊዜ ተፈትቶ ሲገጠም ቀዳዳው ውስጥ የሚቀረው ጥርስ ሳይሆን ዱቄት ነው። ደባርቅ ውስጥ ስንት ሬዲዮ በጎማ ታስሮ እንደሚያወራ አሰብሁ፤ ገመድ የከበበው፣ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ከላዩ ድንጋይ የተጫነበት ሁሉ። ሁሉም ያረጁ ይመስሉኝ ነበር። ለካስ ግማሾቹን የጣላቸው ወደ ኋላ መዞር እንደ ሽንፈት የቆጠረ ካቻቢቴ ነው።

ጥርሱ ተበልቶ ላለቀ ቀዳዳም መድኃኒት አለው። ሱፐር ግሉ ጠብ ያደርጉበትና ከላዩ ቤኪንግ ሶዳ ይነሰንሱበታል፤ ወዲያው ይጠጥራል። ሲጠጥር ይሞቃል፣ ጭሱም ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ስለዚህ አፍንጫን ማራቅ ነው። ከዚያ እንደ አዲስ ይበሳል። 2 እና 5 ቁጥር ላይ አይሞከርም፤ እነሱ እዚህም ላይ አሻፈረኝ ይላሉ። የተሰነጠቀው ሻንሲያችን በዚህ ዳነ፤ ቱቦው ዙሪያውን በቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ። ሒሳብ ስንጠይቀው ጠጋኙ ገንዘቡን ትቶ የኒዶውን ቆርቆሮ አየና «ከዚህ ቀጫጭኖቹን አሥር ስጡኝ» አለ። ልጁ ሲቆጥርለት ፊቱን ብታዩት የደም ካሳ የሚከፍል ይመስል ነበር።

ሌላው ባላጋራችን ብርድ ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከዚያ በላይ ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ውርጩ ባይወርድም ንፋሱ ይወርዳል። የሳፋው ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መተጣጠፉን ይተውና ይደርቃል። ማለዳ ብሎን ያስገቡበት ሳፋ እንደ ማታው አይታገሥም። ፀሐዩም አይረዳንም፤ ከፍታው ላይ ፀሐይ ይከርራል፣ ጣሪያ ላይ ዓመት የከረመ ጀሪካን በጣት ይሰበራል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጣ፤ ብሎን የሚገባው ከሰል ከተቀጣጠለ በኋላ ነው። በአቦል ፕላስቲኩ ይሞቃል፣ በቶና ቀዳዳው ይበሳል፣ በበረካ ብሎኑ ይገባል። እህቴ ረከቦቱን ከበው ዕጣን፣ ፈንዲሻ፣ አንድ ጋቢናና ስምንት ጎማ ተደርድረው ስታይ «ይህ ቡና ለሰው ነው ለመኪና?» ትላለች። ቤኪንግ ሶዳዋ ማለቁን ገና አላወቀችም። ይህ እስኪታተም ድረስ እንዳታውቅ ነው ጸሎቴ።

ለጋሼ ወደ ኋላ ማዞሩን ያሳየናቸው በአንድ በረካ ላይ ነው። ከጋቢናው አደጋ ወዲህ ካቻቢቴ አልነኩም፤ ምክርም ቀንሰዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ «አሟቸዋል እንዴ?» ብሎ ነበር። ልጁ ብሎኑን ቀዳዳው ላይ አስቀምጦ ካቻቢቴውን ጣታቸው ላይ አስያዛቸው፤ የእሱን ጣት ከላይ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ። ቅጭ።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገመው» አሉ።

ቅጭ።

«ይኼማ ሊማሊሞ ነው!» ብለው ስኒውን አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ቡናው እስኪቀዘቅዝ የሰማነው ትምህርት ይህ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ ሲደርስ «እለፍ ብዬ እነዳለሁ» የሚል ሹፌር ገደሉን ነው የሚያልፈው። መኪናው ይቆማል። የኋላ ማርሽ ይገባል። በስንዝር በስንዝር ወደ ኋላ ይባላል፤ ተሳቢው ከፊተኛው ጋር እስኪስማማ ድረስ፤ ሲስማማ ደግሞ መቀመጫህ ሥር ይሰማሃል፤ ማንም አይነግርህም። ያኔ ነው ወደ ፊት የሚባለው። «ወደ ፊትማ ማን ያቅተዋል» አሉ ጋሼ፤ «ወደ ፊትማ ቁልቁለቱም ይነዳዋል። እኔ ይህን ለመማር ገደል አፍ ላይ ስንት ሌሊት አደርሁ፤ ይህ ልጅ በቴፕ ብሎን አወቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቻቢቴው የልጁ፣ ትእዛዙ የጋሼ ሆነ። ብሎን በገባ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ብለው ክንዳቸውን እያወዛወዙ «ግራ… ግራ… ቀስ… ትንሽ ግራ… በቃ! ግባ!» ይላሉ፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው እውነተኛ መኪና ግቢ ውስጥ የሚቆም መስሎት ይታጠፋል። አንድ ቀን እንዲህ የታጠፈ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና ሳያስበው «ጠበቅ አድርጉት እንጂ!» አለ። ጋሼ ዞረው ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው አዩት።

«አንተ» አሉት፤ «ኤን ትሬ ነድተህ ታውቃለህ?»

«አልነዳሁም።»

«እንግዲያው ዝም በል። አርፏል።»

ባለፈው እሑድ መኪናዋ ከነተሳቢዋ ተጠናቀቀች። መብራቷ ከግንባር መብራት የወጣ አምፖል ነው፤ ጎማዎቿ የእኔ ነጠላ ጫማ ነበሩ። ጋሼ የቦሎ መርማሪ ሆነው ዞሯት፤ ጎንበስ ብለው ሥሯን አዩ፤ መሪዋን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አሉ፤ ተሳቢዋን አንሥተው ለቀቁ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላልፋትም።»

«ምን ጎደላት ጋሼ?» አልሁ።

«ረዳቱስ? ኩርባው ላይ ማን ታኮ ሊያደርግላት ነው? ረዳት የሌለው ኤን ትሬ ሊማሊሞን አይወርድም።»

ልክ ናቸው። ልጁ ከጋቢናው የተረፈውን ጀሪካን አምጥቶ ሲቆርጥ አመሸ፤ ራሱ የሃይላንድ ክዳን፣ እጁ ሽቦ፣ ብብቱ ሥር ደግሞ ከባሕር ዛፍ የተቀረጸ ታኮ። ከጭነት ሳጥኑ ኋላ ካለው መርገጫ ላይ አቁሞት አንዲት ቀጭን ብሎን መርጦ በእግሩ አስገባ፤ ወደ ግራ ማዞር አላስፈለገም፤ ቀዳዳው አዲስ ነው። ራሷ ስታርፍ አቆመና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ላጥብቀው?»

«እሱንማ ላላ አድርገው» አሉ ጋሼ፤ «ወርዶ መሮጥ አለበት።»